በቀን ስንት ጊዜ ይቆጠራል?

ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን እንዲቆጥር የሠራዊቱን አለቃ ኢዮአብን ባዘዘው ጊዜ የጦር አለቆቹ ዮርዳኖስን ተሻግረው፣ ከዳን እስከ ቤርሳቤህ አገሩን አዳርሰው እስኪመለሱ ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን ፈጀባቸው። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 የተጻፈው ይህ ታሪክ ለብዙ ዘመን አንባቢን ሲያስጨንቅ ኖሯል። ቁጥሩ ሲቀርብለት የንጉሡን ልብ ጸጸት ያዘው፤ ቸነፈር ወረደ፤ 70,000 ሰው አለቀ። በዚያ ሁሉ መካከል ማንም አልተዘረፈም፣ የማንም ደም በግፍ አልፈሰሰም። የተደረገው ቆጠራ ብቻ ነው። ሰው መግደል የማይከብደው ኢዮአብ እንኳ ትእዛዙን ሲሰማ ይህስ ይቅር ብሎ ተከራክሯል።

ዛሬ አንድ ሰው ያለውን ሁሉ ለመቁጠር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ስልኩ ላይ የጫነው መተግበሪያ የጡረታ ሒሳቡን፣ በተለያየ ኩባንያ ያለውን አክሲዮን፣ ቦንዱንና ቢትኮይኑን ሰብስቦ ከአንድ ገጽ ላይ ይደምርለታል። ዋጋው ከወጣ አረንጓዴ፣ ከወረደ ቀይ ነው። ገጹን በጣት ወደ ታች ሳብ አድርጎ ሲለቀው ቁጥሩ ይታደሳል። አልጋ ውስጥ፣ ባቡር ላይ፣ በሥራ ስብሰባ መሀል፣ ልጅን ትምህርት ቤት በር ላይ ሲጠብቁ ይህን ማድረግ ይቻላል፤ በብዙ አገር ያሉ ሰዎችም ያደርጉታል። በአሜሪካ በአሠሪያቸው በኩል ለጡረታ የሚቆጥቡ ኢትዮጵያውያንም ከእነዚህ መካከል ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሰው በላቡ ያገኘውን፣ ከማንም ያልቀማውን ሀብት ደጋግሞ ቢያየው ምን ክፋት አለው? ስስት የሚባለው ሌላ ነው፤ ስስታም ለተራበ አይሰጥም፤ ይህ ሰው ግን ቸር ሊሆን ይችላል። ስርቆትም አራጣም የለበትም። ማየት ብቻ ነው። ማየት ደግሞ በየትኛውም የኃጢአት ዝርዝር ውስጥ በቀላሉ ቦታ የሚያገኝ ነገር አይመስልም።

የዋጋ ጉጉት ስልክ ያመጣው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1867 ኤድዋርድ ካላሃን የተባለ የቴሌግራፍ ባለሙያ የአክሲዮን ዋጋን በቀጭን ወረቀት ላይ እያተመ የሚያወጣ መሣሪያ ኒውዮርክ ውስጥ ሥራ ላይ ካዋለ ወዲህ፣ በወረቀቱ ዙሪያ ተሰብስበው ቀኑን ሙሉ የሚቆሙ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን እነሱ ወደ ወረቀቱ መሄድ ነበረባቸው። ተራው ቆጣቢ ዋጋውን የሚያገኘው ከማለዳ ጋዜጣ፣ አለዚያም በየሦስት ወሩ በፖስታ ከሚላክለት መግለጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያው አይፎን ለገበያ ሲቀርብ ከሰዓቱና ከሒሳብ ማሽኑ ጎን የአክሲዮን ዋጋ ማሳያም አብሮ ተጭኖበት ነበር። ስልኩን የገዛ ሁሉ፣ አክሲዮን ኖረውም አልኖረው፣ ገበያውን በኪሱ ይዞ ሄደ።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ይበልጥ ጥልቅ ነው። በ2013 የተመሠረተው ሮቢንሁድ ያለ ኮሚሽን አክሲዮን መግዛትና መሸጥ የሚያስችል መተግበሪያ አቀረበ፤ በኦክቶበር 2019 እነ ቻርልስ ሽዋብ የመሳሰሉ አንጋፋ ድርጅቶችም ኮሚሽናቸውን ወደ ዜሮ አወረዱ። ለትንሹ ቆጣቢ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ሆኖም ቀድሞ በማየትና በማድረግ መካከል የነበረው ርቀት በዚያው ጠፋ። ዋጋ አይቶ ለደላላ ስልክ መደወል፣ ክፍያውን ማሰብ፣ እስከ ነገ ማደር ቀረ። በዚህ ላይ ሮቢንሁድ ከሚያገኘው ገቢ ትልቁ ክፍል የደንበኞቹን ትእዛዝ ለሚያስፈጽሙ ትላልቅ የገበያ ድርጅቶች አሳልፎ ከእነሱ የሚቀበለው ክፍያ ነበር። ደንበኛው አርፎ ከተቀመጠ ይህ ገቢ የለም። ደንበኛው የመጀመሪያ ግብይቱን ሲፈጽም በስክሪኑ ላይ ባለቀለም የወረቀት ብጥስጣሽ ይዘንብለት ነበር። የማሳቹሴትስ ግዛት ተቆጣጣሪዎች በዲሴምበር 2020 ኩባንያውን ኢንቨስትመንትን ጨዋታ አድርጎ ልምድ የሌላቸውን ሰዎች አማልሏል ብለው ከሰሱት። ኩባንያው ብጥስጣሹን በማርች 2021 አነሳ፤ በጃንዋሪ 2024 ደግሞ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩን ዘጋ።

የብጥስጣሹ ነገር ጎልቶ ስለሚታይ ብዙ ተወራበት። ከእሱ የከፋው ግን ጸጥተኛው ነገር ነው፦ ቁጥሩ ራሱ፣ በየሰከንዱ የሚታደሰው።

በ1979 የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ ሰው ለኪሳራ የሚሰጠው ክብደት ለትርፍ ከሚሰጠው እንደሚበልጥ አሳዩ፤ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ልዩነቱን ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ አደረሱት። መቶ ብር የጠፋበት ሰው መቶ ብር ካገኘበት ደስታ ሁለት እጥፍ ያዝናል እንደማለት ነው። በ1995 የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ሽሎሞ ቤናርትዚና ሪቻርድ ቴለር ይህን ግኝት ይዘው አንድ እርምጃ ሄዱ። ሰው አክሲዮንን የሚፈራው አክሲዮን አደገኛ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ስለሚያየው ጭምር ነው አሉ። ባየ ቁጥር ቀይ የማግኘት እድሉ ይጨምራል፤ ቀይ ባገኘ ቁጥር ሁለት እጥፍ ይጎዳል።

ሊባኖስ የተወለደው ናሲም ኒኮላስ ታሌብ በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን በቁጥር አስቀምጦታል። ጡረታ የወጣ አንድ የጥርስ ሐኪም በዓመት 15 በመቶ ትርፍ የሚጠበቅበት፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዋዥቀው ደግሞ በ10 በመቶ ገደማ የሆነ ኢንቨስትመንት አለው እንበል። በዓመት አንድ ጊዜ ቢያየው ትርፍ የማግኘት እድሉ 93 በመቶ ነው። በየወሩ ቢያየው 67። በየቀኑ ቢያየው 54። በየደቂቃው ቢያየው 50.17 ይሆናል፤ ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይም ጎፈር እንደማለት ነው። እስኪ ስሌቱን በአንድ ዓመት እንመንዝረው። ገበያ ክፍት የሚሆነው 250 ቀን ገደማ ነው። በየቀኑ የሚያይ ሰው 135 ቀን ደስ ይለዋል፣ 115 ቀን ይከፋዋል። ኪሳራ ሁለት እጥፍ የሚመዝን ከሆነ፣ ይህ ሰው በ15 በመቶ እየበለጸገ ዓመቱን በሐዘን አሳለፈ ማለት ነው። ያንኑ ንብረት ይዞ በዓመት አንዴ የሚያይ ጎረቤቱ ደግሞ በ20 ዓመት ውስጥ የሚከፋው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለቱ ሰዎች እኩል ሀብት አላቸው። የኖሩት ሕይወት ግን አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ፈላስፋ መቃወሚያ ሊያነሳ ይችላል። ይህ አለማወቅን ማወደስ አይደለምን? እውነትን ማየት የሚያሳዝን ቢሆንም ካለማየት ይሻላል፤ ሰው ደስ እንዲለው ዓይኑን ይጨፍን ማለት ክብሩን መንካት ነው። ተቃውሞው ጠንካራ ነው፤ ግን አንድ ነገር ስቷል። በየደቂቃው የሚታየው ቁጥር ስለ ንብረቱ የሚናገረው እውነት ከዓመቱ ቁጥር ያነሰ ነው። የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ከረፋድ እስከ ቀትር በአንድ በመቶ ቢወርድ በፋብሪካው፣ በሠራተኞቹ፣ በደንበኞቹ ላይ የሆነ ነገር ላይኖር ይችላል፤ የሆነው የሌሎች ገዥና ሻጮች ስሜት መለዋወጥ ነው። ስለዚህ በየሰዓቱ የሚያይ ሰው በዓመት አንዴ ከሚያየው የበለጠ ያወቀ ይመስለዋል እንጂ አላወቀም። ያየው በአብዛኛው ጫጫታ ነው።

አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን ቡፌት ስለ 2013 ዓመት ለባለአክሲዮኖቹ በጻፈው ደብዳቤ ስለ አንድ እርሻ ያወሳል። በ1986 ከኦማሃ ከተማ 50 ማይል በስተሰሜን 400 ኤከር፣ በእኛ የድሮ ልኬት አራት ጋሻ ገደማ መሬት፣ በ280,000 ዶላር ገዛ። ስለ እርሻ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ልጁ ግን ይወድ ነበር። እስከ ደብዳቤው ድረስ እርሻውን ሄዶ ያየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከ28 ዓመት በኋላ የእርሻው ገቢ ሦስት እጥፍ፣ ዋጋው አምስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሆኗል። ለእርሻው በየቀኑ ዋጋ የሚጠራ ሰው ስላልነበረ ቡፌት በየቀኑ አልተደሰተም፣ በየቀኑም አልከፋውም። ቡፌት ከዓለማችን ከበርቴዎች አንዱ ስለሆነ መታገሥ ይቀለዋል ሊባል ይችላል። ይሁን። ነገር ግን ትንሽ ቁጠባ ያለው ሰው ስሜቱ ሲናወጥ የሚከፍለው ዋጋ ከሀብታሙ ይብሳል። ተመራማሪዎቹ ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን ከ1991 እስከ 1996 የ66,465 አሜሪካውያን ቤተሰቦችን ሒሳብ መርምረው፣ ገበያው በዓመት በአማካይ 17.9 በመቶ ሲያስገኝ እጅግ ደጋግመው ይሸጡና ይገዙ የነበሩት ያገኙት 11.4 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። በእነዚያ ዓመታት አክሲዮን የሚታይበት ዘመናዊ ስልክ ገና አልነበረም።

ታዲያ አለማየትስ? በዚህ በኩል ያለው ገደል ጥልቅ ነው። ካርልሰን፣ ሎዌንስታይንና ሴፒ በ2009 ያሳተሙት ጥናት በስዊድንና በአሜሪካ ሰዎች ገበያ ሲወጣ ሒሳባቸውን ደጋግመው እንደሚከፍቱ፣ ሲወርድ ግን እንደሚሸሹ ያሳያል። ይህ ትዕግሥት ተብሎ አይጠራም። ከዚህ የሚከፋ ምሳሌም አለ። የሰው ገንዘብ አስተዳድራለሁ እያለ ያጭበረብር የነበረው በርናርድ ማዶፍ በዲሴምበር 2008 ሲያዝ በደንበኞቹ መግለጫዎች ላይ የተጻፈው ገንዘብ በድምሩ 65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ፈጠራ ነበር። ከተጎዱት ውስጥ ከናዚ ካምፕ የተረፈው የኤሊ ዊዘል በጎ አድራጎት ድርጅት ይገኝበታል። እነዚህ ሰዎች አላዩም አይባልም። በየጊዜው በፖስታ የሚደርሳቸውን መግለጫ አይተዋል፤ ቁጥሩ ሁልጊዜ ያማረ ነበር። ከ2000 ጀምሮ ለአሜሪካ የሰነድ ገበያ ተቆጣጣሪ አቤት ያለው ሃሪ ማርኮፖሎስ ግን የጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነበር፦ ይህ ትርፍ ከየት ይመጣል? ሒሳቡን ቁጭ ብሎ ሠርቶ ሊሆን እንደማይችል ደረሰበት። ማየትና መመርመር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በቀን ሃያ ጊዜ የሚያይ ሰው አንድ ጊዜም ሳይመረምር ዓመት ሊያልፈው ይችላል፤ እንዲያውም ደጋግሞ ማየቱ የመረመረ ያስመስለዋል።

ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ነው። ማሽላ የዘራ ገበሬ እሸቱ ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ይዞ ወፍ ይጠብቃል። ዓይኑ ባይኖር እህሉ ይበላል፤ ማየቱ ሥራ ነው፣ ማየቱ ፍቅር ነው። የሰው ልብ ይህን የተማረው ከሺህ ዓመታት በፊት ነው፤ ያለህን አትዘንጋ፣ ዓይንህን አታንሳ። ስልኩን የሚከፍተው ሰውም እየጠበቀ ይመስለዋል። ንብረቱን በዓይኑ የደገፈው፣ ለልጆቹ የተጋ፣ ኃላፊነቱን የተወጣ ይመስለዋል። ነገር ግን በማሳው ላይ ወፍ የለም። ዓይኑ ቁጥሩን አያሳድገውም፣ ከመውረድም አያግደውም። ትጋቱ እውነተኛ ነው፤ የሚያርፍበት ሥራ ግን የለውም። ስለዚህ ደጋግሞ የሚያየውን ሰው ስስታም ብሎ መገሰጽ አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ከፍቅርና ከፍርሃት የተነሣ ነው፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ነገር ከስልክ በፊት በብዙ መቶ ዓመታት አስበውበት ነበር። በባቢሎናዊው ታልሙድ፣ ባቫ መጺዓ በተባለው ክፍል፣ ቅጠል 42 ላይ ረቢ ይስሐቅ ሁለት ትምህርቶችን ያስተምራል። አንደኛው ዛሬ የትኛውም የኢንቨስትመንት አማካሪ የሚፈርምበት ነው፤ ሰው ገንዘቡን ሦስት ቦታ ይክፈል፣ ሲሶውን በመሬት፣ ሲሶውን በንግድ፣ ሲሶውን በእጁ ያኑር ይላል። ሁለተኛው ግን በረከት የሚያድረው ከዓይን በተሰወረ ነገር ላይ ነው የሚል ነው። በዚያው ቦታ እንዲህ ያለ ሥርዓት ተጽፏል፦ ሰው እህሉን ሊሰፍር ወደ አውድማ ሲሄድ ፈጣሪ የእጁን ሥራ እንዲባርክለት ይጸልይ፤ ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ ከጸለየ ግን ጸሎቱ ከንቱ ነው፤ የተመዘነና የተቆጠረ ነገር ላይ በረከት አያድርምና። ሀብትን በጥበብ ከፋፍሎ ማስቀመጥና ሀብትን ደጋግሞ አለመቁጠር በአንድ ቅጠል ላይ፣ በአንድ ሰው አፍ ተገናኝተዋል። ረቢ ይስሐቅ ሁለቱ ይጋጫሉ ብሎ አላሰበም።

ይህን እንደ ድግምት መረዳት ስሕተት ይሆናል። እህሉ ከመሰፈሩ በፊትም ከተሰፈረ በኋላም ያው እህል ነው። የሚለወጠው ሰፋሪው ነው። ከመስፈሩ በፊት ያለው ሰው ሊመጣ ባለው ነገር ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ከሰፈረ በኋላ ቁጥሩን ይዟል። በቀን ሃያ ጊዜ የሚሰፍር ሰው እጁን ለመዘርጋት ጊዜ የለውም።

እንግዲህ መቁጠር ክልክል ነውን? ኦሪት ዘኍልቍ ስሙን ያገኘው ከቆጠራ ነው፤ ያውም እግዚአብሔር ራሱ ካዘዘው ቆጠራ። ለዳዊት ኃጢአት የሆነው ለሙሴ ትእዛዝ ነበር። ሊቃውንት ለዚህ ብዙ ምክንያት ሰጥተዋል፤ አንዱ የንጉሡ ትዕቢት ነው፣ በሠራዊቱ ብዛት መመካቱ። ሌላው ግን ወደ ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 30 ይመልሰናል። በዚያ ሕዝቡ ሲቆጠር ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው እያንዳንዱ ሰው ቸነፈር እንዳይመጣ ግማሽ ሰቅል እንዲሰጥ ታዟል፤ ባለጠጋው አይጨምር፣ ድሀውም አያጉድል። ቆጠራው በመስጠት ይዘጋል። በዳዊት ታሪክ ውስጥ ግን ይህ ግማሽ ሰቅል አልተጠቀሰም። ቁጥሩ ለምንም አልነበረም፤ ንጉሡ ሊያውቀው ፈለገ፣ ዐወቀው፣ አበቃ። መቅሠፍቱ የተከለከለውም ዳዊት የኢያቡሳዊውን የኦርናን አውድማ ገዝቶ መሠዊያ ከሠራበት በኋላ ነው። ኦርና በነጻ ሊሰጠው ለመነው፤ ዳዊት ግን አውድማውንና በሬዎቹን በአምሳ ሰቅል ብር ገዛ።

በእስልምና ይህ ነገር ይበልጥ ግልጽ ሕግ ሆኗል። በቁርኣን 104ኛው ምዕራፍ፣ በሱረቱል ሁመዛ፣ ገንዘብ እየሰበሰበ የሚቆጥር፣ ሀብቱም የሚያኖረው የሚመስለው ሰው ይወገዛል። ያው ሃይማኖት ግን እያንዳንዱን ባለሀብት ሀብቱን እንዲቆጥር ያስገድደዋል። ከ85 ግራም ወርቅ ጋር የሚተካከል ሀብት በእጁ ያለ ሰው የጨረቃ ዓመት ሲሞላው ከመቶ ሁለት ተኩል ዘካ ያወጣል፤ ለማውጣት ደግሞ መቁጠር አለበት። በዓመት አንዴ፣ በታወቀ ቀን፣ ለታወቀ ዓላማ። ዛሬ ዞያ የመሳሰሉ መተግበሪያዎች አክሲዮን በሸሪዓ መሠረት የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን ያጣራሉ፤ የዘካውን ስሌትም የሚሠሩ አሉ። አንድ ኩባንያ ካልተፈቀደ ምንጭ የሚያገኘው ገቢ ከአምስት በመቶ በታች ቢሆን እንኳ፣ ባለአክሲዮኑ ከትርፉ ያንን ድርሻ አውጥቶ ለምጽዋት እንዲሰጥ ይጠበቃል። መተግበሪያው ያው ስልክ ላይ ነው፣ ዋጋውም ያው ዋጋ ነው። ልዩነቱ ይህ ቆጠራ ዳርቻ ያለው መሆኑ ነው፤ ቆጣሪው እጁ ላይ ያለው ነገር ቀንሶ ይነሣል። አስራት የሚያወጣ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው።

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 መክሊት ተቀብሎ የቀበረውን አገልጋይ ሲያወግዝ ትኩረት የማይሰጠው አንድ ዝርዝር አለ፤ ጌታው ተመልሶ ሒሳብ የተሳሰበው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ያተረፉት ሁለቱ በዚያ መካከል ነግደዋል እንጂ ሪፖርት ሲያቀርቡ አልታዩም።

በግብፅ በረሃ የኖረውና በ399 ያረፈው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ይህን የልብ ነገር እንደ ሐኪም መርምሮታል። ከስምንቱ ክፉ ሐሳቦች አንዱ ስለሆነው ፍቅረ ንዋይ ሲጽፍ ያነሳው የወርቅ ብልጭታን ሳይሆን ረጅም እርጅናን፣ ለሥራ የማይታዘዝ እጅን፣ ሊመጣ የሚችል ረሃብንና በሽታን፣ ከሰው መቀበል የሚያስከትለውን ኀፍረት ነው። የጡረታ ሒሳቡን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነሥቶ የሚከፍት ሰው ይህን ቢያነብ ራሱን ያገኝበታል። ስለ መሰልቸት መንፈስ የጻፈው ደግሞ ይበልጥ የሚደንቅ ነው። ይህ መንፈስ መነኩሴውን ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ይከብበዋል፤ ደጋግሞ በመስኮት እንዲያይ፣ ከበዓቱ እንዲወጣ፣ ፀሐይዋ ከዘጠኝ ሰዓት ምን ያህል እንደራቀች ቀና ብሎ እንዲለካ ያደርገዋል። ጾመው ለሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ዘጠኝ ሰዓት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ፀሐይዋ በመታየቷ ብዛት አትፈጥንም። መነኩሴው ያጣው ግን ጊዜውን አይደለም፤ በዚያ መካከል ሊጸልየው የሚገባውን ጸሎት፣ ሊታታ የሚገባውን ሰሌን ነው። መድኃኒቱም ፀሐይን መጥላት አልነበረም፤ በበዓት መጽናት ነበር።

ገበያው ራሱ ቀድሞ እንዲህ ያለ በዓት ነበረው። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ በቀን የሚሠራው ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከ1952 ጀምሮ ቅዳሜም እሑድም ዝግ ነው። በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተሰበሰቡት አባቶች ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ብለው ሲወስኑ ስለ ኒውዮርክ አላሰቡም፤ ኒውዮርክም ስለ እነሱ አላሰበም። ቢሆንም ገንዘብ በሳምንት ሁለት ቀን ዝም የሚልበት ሥርዓት ለገንዘብ ባለቤት ጸጋ ነበር። ከ2009 ጀምሮ ያለው ቢትኮይን ግን መዝጊያ ደወል የለውም፤ በሰንበትም፣ በፋሲካ ሌሊትም ዋጋው ይዋዥቃል። ሮቢንሁድም በ2023 አንዳንድ አክሲዮኖችን በሳምንት አምስት ቀን ሃያ አራት ሰዓት ማገበያየት ጀመረ። ገበያው ማረፉን ሲተው፣ ማረፍ የባለቤቱ ፈንታ ሆነ። ሰንበትን የሚያከብር አይሁዳዊ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ስልኩን አጥፍቶ እስከ ቅዳሜ ምሽት አይነካውም፤ በዚያች ሌሊት ዋጋው ግማሽ ቢወርድ የሚሰማው በማግስቱ ምሽት ነው። ይህ ሰው ገንዘቡን የሚወደው ከሌላው አንሶ ላይሆን ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን ግን ያለ እሱ ዓይን ዓለም ጸንታ እንደምትቆም አይቷል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖች ተቋቁሞ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ አክሲዮን የገዛ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ወረቀት ነበር። ዋጋ በየቀኑ የሚጠራበት ገበያ አልነበረም። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ኦዲቱ ይሠራል፤ ጠቅላላ ጉባኤው ይጠራል፤ ባለአክሲዮኖች በአዳራሽ ተሰብስበው ሪፖርት ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ የትርፍ ድርሻ ይወሰናል። ቆጠራው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሰው መካከል፣ በጥያቄ የታጀበ ነበር። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ ለመሸጥ የፈለገ ሰው ገዥ በትውውቅ መፈለግ ነበረበት፤ ትክክለኛውን ዋጋ የሚነግረውም አልነበረም። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የወጣው ይህንኑ ለማስተካከል ነው፤ መልካም ሥራ ነው።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዱን በ300 ብር በቴሌብር በኩል ለዜጎች ለሽያጭ አቀረበ፤ ትንሹ መግዛት የሚቻለው 33 አክሲዮን ነበር። አክሲዮን መግዛት ስልክ ላይ የሚያልቅ ጉዳይ ሆነ። በዚያው ዓመት ጥር 2 ቀን የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም በገበያው የተመዘገበ የመጀመሪያው ባንክ ሆነ። ግብይቱ እየደራ ሲሄድ ዋጋው በየቀኑ ወደ ስልክ መድረሱ አይቀርም።

ያን ጊዜ 33 አክሲዮን የገዛችው አስተማሪ በእረፍት ሰዓቷ ስልኳን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ምን ይሁን? የዛሬው ዋጋ በቀይ ወይም በአረንጓዴ? ወይስ የዓመቱ የትርፍ ድርሻ፣ የኦዲት ሪፖርቱ፣ የሚቀጥለው ጉባኤ ቀን? ማሳወቂያው ከመነሻው ተዘግቶ ይምጣ ወይስ በየመዋዠቁ ይንጫጫ? እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ አበባ ውስጥ መተግበሪያ ለሚሠሩ ወጣት ባለሙያዎችና ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የቀረቡ ናቸው፤ በማሳቹሴትስ እንደሆነው ክስ እስኪመጣ መጠበቅ የለባቸውም። የንስሐ አባቶችም፣ ኡስታዞችም፣ ሰባክያንም ስለ አስራትና ስለ ዘካ ሲያስተምሩ ስለ ዓይንም ቢያነሡ መልካም ነው፤ ምእመኑ ሌላውን ሁሉ ሲናዘዝ ይህን የሚናዘዝ አይመስልምና። አክሲዮን ገዝቶ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ አኑሮ፣ በዓመት አንዴ ለጉባኤ ሪፖርቱን በእርሳስ እያሰመረበት የሚሄደው ትውልድ አሁንም በየባንኩ አዳራሽ አለ፤ በሁለቱ ጉባኤዎች መካከል ያሉትን ወራት እንዴት እንዳሳለፋቸው ሊጠየቅ ይችላል።